የሴቫስቲ ቤት

ፖርት ሳይድ፣ ኖቬምበር 1934

የምልከውን ደብዳቤ ገልብጬ አስቀራለሁ፤ የሚመጣልኝንም አልጥልም። ንግድ ያስተማረኝ ነገር ነው። ሰው ያለውን ይረሳል፤ ያላለውንም ብሏል ይባላል። ከእህቴ ጋር የምጻጻፈውን ግን ከሱቁ ደብዳቤ ጋር ማደባለቅ ስላልፈለግሁ ከዛሬ ጀምሮ በዕለት ማስታወሻዬ መሀል አስገባዋለሁ።

እናታችን ሁለት ሴቶችና እኔን ወለደች። በደሴታችን ሥርዓት የእናት ቤት፣ የእናት እርሻ፣ በአንገት የሚታሰረው የወርቅ ሳንቲም ሁሉ የበኩር ሴት ልጅ ነው። ካናካራ እንላታለን። ታላቋ እህታችን ካሊዮፒ ካናካራ ናት፤ ያገባች ዕለት እናታችን ቤቷን ለቃላት ከጓሮ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ገባች። ሁለተኛዋ፣ ሴቫስቲ፣ ምንም የላትም። ሁለተኛ ሴት ልጅ የታላቋን ውሃ ትቀዳለች፣ ፍየሏን ታልባለች፣ ልጆቿን ታዝላለች፣ በታላቋ ቤት ታረጃለች። በእኛ አገር ሙሽራው ነው ሚስቱ ቤት የሚገባው፤ ስለዚህ ቤት የሌላትን ሴት የሚጠይቅ የለም። ከዚህ የሚያወጣት ባሕር ማዶ ያለ ወንድም ቤት ሲሠራላት ብቻ ነው። ወንድሟም እህቱን ቤት ሳያስገባ ቢያገባ ስሙ ይበላሻል።

ስለዚህ እየሠራሁላት ነው። ጣሊያኖች ደሴቲቱን ከያዙ ወዲህ የቤት ፈቃድ የሚወጣው በከፋዩ ስም ስለሆነ በእኔ ስም ወጥቷል። ለመንደራችን ለሊቫዲ ግን ይህ ወረቀት ምንም አይደለም። ሰጪው በቤተ ክርስቲያን ግቢ በሕዝብ ፊት ቆሞ «ቤቱ የእገሊት ነው» ሲል፣ ያን ጊዜ ቤቱ የእሷ ይሆናል። ሰጪው ሩቅ ከሆነ ቃሉን ጽፎ ይልካል፤ ቄሱ ያነበዋል። ከዚያ ወዲያ ንጉሥም አይመልሰው።

ፖርት ሳይድ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1934

ለእህቴ ለሴቫስቲ፣

እናታችን ሳሉ ለቀቃት ወይ? ካሊዮፒና ልጆቿስ እንዴት ናቸው? እኔ ከጥርሴ በቀር ደህና ነኝ።

አዎ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መልስ ያዘገየሁት ረስቼ ሳይሆን እንጨቱን የሚወስድ ታማኝ ሰው እስካገኝ ነው። የጣሪያው አግዳሚ በካፒቴን ስምዖን ጀልባ ይመጣል። ረጃጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ ግንበኛው ኒኪታስ አንዱንም እንዳይቆርጥብኝ ንገሪው። ቆርጦ መቀጠል የሰነፍ ሥራ ነው።

ድንጋዩን ከሸለቆው በጀርባሽ እንደምታመላልሺ የነገረኝ ስምዖን ነው፤ አንቺ አልነገርሽኝም። አህያ ተከራዪበት ብዬ የላክሁት የት ደረሰ? ካሊዮፒ ወሰደችው ብትዪኝ አልቆጣም። ማወቅ ብቻ እፈልጋለሁ።

ለምን አትመጣም ላልሽው፣ ሱቅ እንደ ጡት ልጅ ነው፤ ለጎረቤት ትተውት አይሄዱም። መርከብ ገመድና ብስኩት ሲፈልግ ባለቤቱ አገር ቤት ሄዷል ቢሉት ወደ ቀጣዩ በር ይሄዳል፤ ሁለተኛም አይመለስ።

ስለ ግንበኛው የጠየቅሽኝ አልገባኝም። «ጥሩ ሰው ይመስልሃል ወይ» ማለት ምን ማለት ነው? ግድግዳው ቀጥ ካለ ጥሩ ግንበኛ ነው። ሌላ ነገር ካለ በግልጽ ጻፊው።

ወንድምሽ ሚናስ

ሊቫዲ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1935

ለወንድሜ ለሚናስ፣

ጥርስህን ቅርንፉድ ንከስበት ትላለች እማማ። አጠገቤ ተቀምጣ ሱፍ እየፈተለች «ይህን ጻፊ፣ ያን አትጻፊ» ስለምትለኝ ደብዳቤው የሁለታችን ነው። ሳሏ ለቋታል፤ አፏ ግን አልለቀቃትም።

አግዳሚው ደረሰ፣ ወጣ፣ ተሰቀለ። አንዱም አልተቆረጠም። ካሊዮፒ መጥታ ከበሩ ቆመችና ወደ ላይ ወደ ታች አይታ «ለአይጥ መቼም አያንስም» አለች። እማማ ይህን አትጻፊ ብላኛለች። የአህያውን ነገር ተወው፤ ለካሊዮፒ ልጆች ጫማ ሆኗል። ድንጋይ በሰው ጀርባ ሲመጣ ጠርዙ አይሰበርም ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁ።

በግልጽ ጻፊ ስላልከኝ እጽፋለሁ። ኒኪታስ ጠይቆኛል። በጋውን ሙሉ እኔ ድንጋይ አመጣለሁ፣ እሱ ይቀበለኛል፤ ሌላ ወሬ አልነበረንም። አንድ ቀን ድንጋዩን ሳይቀበለኝ ቆመና፣

«ይህን ቤት ሌላ ሰው ይገባበታል እያልሁ ስሠራ እጄ ይከብደኛል» አለኝ።

«ታዲያ ለራስህ ሥራው። ድንጋዩን ግን ተቀበለኝ፣ ወገቤ ተቆረጠ» አልሁት።

እማማ «እንዲህ ያለች ዓይን አውጣ ከማን ማሕፀን ወጣች?» እያለች ትስቃለች፤ አትጻፊ ግን አላለችም።

እናቱ እትዬ ፎቲኒ እሺ ብላለች። የዳግም ትንሣኤ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቃል እንተሳሰራለን። ከዚያ በፊት ያንተ ቃል መነበብ አለበት። አባ ያኮቮስ ያነበዋል። ረጅም ነገር አያስፈልግም፤ «ቤቱ የሴቫስቲ ነው» ብለህ ስምህን ጻፍበት። ሌላ ምንም አትላክልኝ። መስታወቱም ይቅር፤ በእንጨት መዝጊያ እኖራለሁ።

እህትህ ሴቫስቲ

ፖርት ሳይድ፣ ፌብሩዋሪ 27

የጣሊያን መርከቦች ወታደር ጭነው በቦዩ በኩል ወደ ምጽዋ መውረድ ጀምረዋል። ከምጽዋ ወዲያ ወዴት እንደሚሄዱ ወደቡ ሁሉ ያውቃል፤ የሚጠይቅ የለም። ወታደር ልጆቹ ከመርከቡ ላይ ቅርጫት በገመድ ያወርዳሉ፣ ብርቱካንና ሲጋራ ይስባሉ፣ ይዘፍናሉ። ገበያ እንዲህ ሲመጣ አይቼ አላውቅም።

ዛሬ የመርከቦቹ የስንቅ ሹም ዘንድ ገባሁ። ከየት እንደሆንሁ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። «እንግዲያው የእኛው ሰው ነህ» አለኝ። እንዲህ ሲሉኝ እሺም እምቢም አልልም። የስንቅ ማቅረቡን ኮንትራት ለራሳቸው ዜጋ መስጠት ይመርጣሉ፤ ነገር ግን በግዛታቸው ያለ ቋሚ ንብረት መያዣ ይፈልጋሉ። የፖርት ሳይዱ ሱቅ ኪራይ ነው። በግዛታቸው በስሜ የሚገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሊቫዲ ያለው አዲሱ ቤት።

ፈረምሁ። ኮንትራቱ እስኪያልቅ ቤቱን መሸጥም ሆነ ለሌላ መስጠት አልችልም። ኮንትራቱ የሚያልቀው ደግሞ መርከቦቹ ሲያልቁ ነው። ለሴቫስቲ አሁን መንገር ምን ይጠቅማታል? በከንቱ እንቅልፍ ማጣት ነው። ቤቱ እንደሆነ የትም አይሄድም።

ፖርት ሳይድ፣ ማርች 22 ቀን 1935

ለእህቴ ለሴቫስቲ፣

ቅርንፉዱ ረድቶኛል፤ እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

በኒኪታስ ደስ ብሎኛል። አባቱን አውቀዋለሁ፤ ሚዛን የማይነካ ሰው ነበር። መስታወት አትላክ ብትዪም ልኬአለሁ። በሳጥኑ ውስጥ የግድግዳ ሳህኖችም አሉ፤ ሰማያዊ ዓሣ የተሳለባቸው ናቸው፤ ካሊዮፒ እንኳ እንዲህ ያለ የላትም። ገለባውን ቀስ ብለሽ አውጪ። ለአባ ያኮቮስ ደህና ሻማ አድርጌአለሁ።

የጠየቅሽኝን ነገር እያሰብሁበት ነው። ወለሉ ገና እንደሆነ ስምዖን ነግሮኛል፤ ግቢውም አልተነጠፈም። እኔ ያላለቀ ዕቃ ለሰው አስረክቤ አላውቅም። ለኒኪታስም ክብሩ ሙሉ ቤት መግባት ነው። ይለቅ፤ ያን ጊዜ ደስ ብሎን እንነጋገራለን።

ሥራዬ ደህና ነው። መርከብ በዝቷል።

ወንድምሽ ሚናስ

ሊቫዲ፣ ሜይ 9 ቀን 1935

ለወንድሜ ለሚናስ፣

ሳጥኑ ደረሰ። አንድም ሳህን አልተሰበረም። ሰቅያቸዋለሁ፤ ዓሦቹ ወደ በሩ ያያሉ።

በስምዖን በኩል ስለ ትምህርት ቤቱ የጠየቅኸው እውነት ነው። መምህሩን ወደ አቴና ሰደዱት፤ በቦታው የመጣው ልጆቹን ጠዋት ጠዋት ለባንዲራቸው ያዘምራል። የእኛን ፊደል አባ ያኮቮስ በቤተ ክርስቲያኑ ጓዳ ያስተምራቸዋል። የካሊዮፒ ትንሹ ልጅ ፍየሏን በጣሊያንኛ ይሰድባል፤ ፍየሏ እንደሁ በየትኛውም ቋንቋ አትሰማም።

አሁን ስለ እሑዱ ልንገርህ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ቀረ፤ ቃል እንደሚነበብ ሰምቶ ነበር። ደብዳቤህን ለአባ ያኮቮስ ሰጥቼው ነበር። እኔማ ቀድሜ አንብቤዋለሁ፤ ግን ቄስ ሲያነበው ሌላ ነገር ይገኝበት ይሆናል ብዬ ነበር። እሱም ከላይ እስከ ታች አየው፣ ገለበጠው፣ ጀርባውንም አየ። ከዚያ ቀና ብሎ «ሚናስ ሰላም ብሏችኋል» አለ። ስለ ሻማውም አመሰገነ።

እትዬ ፎቲኒ ጮክ አላለችም፤ ግን ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ «ልጄ ሙሽራ ነው ወይስ ተከራይ? ሰው የሚስቱ ወንድም ቤት ገብቶ፣ ሲቆጡት ልብሱን ሸክፎ ሊወጣ ነው?» አለች። ካሊዮፒ ቀበል አድርጋ «አትጨነቁላት፣ እኔ ቤት ሥራ ሞልቷል» አለች። ሰው ሳቀ። ከሳቁት አንዳንዶቹ በኋላ መጥተው ይቅርታ ጠይቀውኛል።

ኒኪታስ በማግስቱ ጠጠር በቅርጫት ይዞ መጣ። «ወንድምሽ ወለልና ግቢ ነው የጎደለው ካለ፣ ወለልና ግቢ እንጨርስለት» አለኝ። ነጭና ጥቁር ጠጠር ከባሕሩ ዳር እየለቀምን ነው።

ወንድሜ፣ አንተ ነጋዴ ነህ፤ እኔ ግን ዕቃ አልጠየቅሁህም። የጠየቅሁህ ቃል ነው፤ ጀልባ ላይ ቦታ አይወስድም።

እህትህ ሴቫስቲ

ፖርት ሳይድ፣ ጁላይ 2 ቀን 1935

ለእህቴ ለሴቫስቲ፣

ይቅርታ፣ እጄ ሥራ በዝቶበት ዘግይቻለሁ። የመብራቱን ብርጭቆ በጥጥ ጠቅልዬ ልኬአለሁ።

የምሸጠው ምን እንደሆነና ለማን እንደሆነ መንደሩ ስምዖንን ለምን እንደሚጠይቅ አልገባኝም። ለሚከፍል እሸጣለሁ። የሊቫዲ ሰው ማሩን የሚሸጠው ለማን ነው? የጣሊያን ጉምሩክ ጠባቂዎቹ፣ ፊናንሶቹ፣ አይደሉም ወይ የሚገዙት? እትዬ ፎቲኒም እንቁላሏን ለእነሱ እንደምትሸጥ አውቃለሁ።

ስለዚያ ነገር፣ እስከ መኸር ታገሺ። አሁን ልጽፈው የማልችልበት ምክንያት አለ፤ ምክንያቱንም አሁን ልነግርሽ አልችልም። ክፉ ነገር አይደለም። ግቢው በነጭና በጥቁር ሊነጠፍ መሆኑ ደስ ብሎኛል።

ወንድምሽ ሚናስ

ፖርት ሳይድ፣ ሴፕቴምበር 14

ከኢየሩሳሌም የሚመለሱ ሐበሾች ሱቅ ገቡ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው የተከናነቡ፣ ደረቅ በለስ ፈለጉ። ትንሽ ዓረብኛ ይችላሉ። በመስኮቱ ወደ መርከቦቹ እያመለከቱ፣

«እነዚህ ሁሉ ልጆች ወዴት ነው የሚሄዱት?» አሉኝ።

«ወደ ደቡብ» አልኋቸው።

«እኛም ወደ ደቡብ ነን» አሉ።

ውሸት አልተናገርሁም። በለሱን መዝኜ ትንሽ ጨመርሁላቸው። በረከት ተመኝተውልኝ ወጡ። ከሰዓት በኋላ ለአንዲት ትልቅ መርከብ ብርቱካን፣ ሎሚና የሽንኩርት ጆንያ አስጫንሁ።

ሊቫዲ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 1935

ለወንድሜ ለሚናስ፣

እማማ ደህና ናት። ካሊዮፒ ደህና ናት። ቤቱም ደህና ነው፤ አልቋል።

አንድ ሹም ከፊናንሶች ጋር መጥቶ ቤቱን ለካ። ኒኪታስ የግቢውን መጨረሻ ጠጠር እየደረደረ ነበር፤ እኔ ውሃ እረጭለት ነበር። ሹሙ ክፉ ሰው አይመስልም፤ ጠጠሩን እንዳይረግጥ ዳር ዳሩን ነው የሄደው። ኒኪታስ ቀና ብሎ «የማንን ቤት ነው የምትለኩት?» አለው። ሹሙ ወረቀቱን አይቶ «የሚናስ ሃልቅያስን፤ ለመርከቦቻችን ስንቅ መያዣ የተሰጠውን» አለ። ኒኪታስ እንዲደግምለት ጠየቀው፤ ሰውዬው ደገመለት። ከእኛ ጣሊያንኛ የሚያውቀው ኒኪታስ ነው፤ ለእኔም ተረጎመልኝ። ሲተረጉምልኝ ፊቴን አላየም።

ሲሄዱ ኒኪታስ የያዛትን ጠጠር በቦታዋ አስቀመጠ፣ በመዶሻው መታት፣ ዕቃውን ሰበሰበ።

«ሴቫስቲ፣ ግድግዳ መሥራት እችላለሁ። ወንድምሽን መሥራት ግን አልችልም» አለኝ።

ያለ ቤት ነይ፣ ወደ አቴና ወደብ ወደ ፒሬየስ እንሂድ ብሎኛል። ወንድሜ ይጽፋል፣ ጥቂት ታገሠኝ ብዬ መለስሁት። እናቱን ጥሎ፣ እኔም እማማን ለካሊዮፒ ትቼ፣ እንደ ሌባ በጀልባ ልንሄድ አልፈልግም፤ በሠራሁት ቤት በሠራው ሰው ሚስትነት መግባት ነው የምፈልገው። እሱም እስከ ገና ጀልባ እቆያለሁ ብሏል።

ከዚህ በላይ ግን አንድ ነገር አለ። ብርቱካንህ ወዴት እንደሚሄድ አሁን ሁሉም ያውቃል። እትዬ ፎቲኒ «እኛን የረገጠው ጫማ ሌላውን ሊረግጥ ሲሄድ ጫማውን የሚቀባው የእኛው ልጅ ነው» አለች። እንቁላል መሸጥ ትታለች። ባታምን ስምዖንን ጠይቀው።

መያዣውን አውጣው። በሌላ ነገር ተካው፤ አንተ መላ አታጣም። እስከ ገና ጀልባ ቃልህ ይድረስልኝ። ይህን ያህል ለምኜህ አላውቅም፤ ደግሜም አልለምንህም።

እህትህ ሴቫስቲ

ፖርት ሳይድ፣ ዲሴምበር 3

የሴቫስቲ ደብዳቤ ደረሰ። መያዣውን በሌላ የመተካት መንገድ አለ፤ በባንክ ገንዘብ አስቀምጦ ቤቱን ነጻ ማውጣት ይቻላል። ገንዘቡ ግን በዕቃ ላይ ነው ያለው። አሁን ከዕቃው ባወጣው ኮንትራቱን ተወዳዳሪዬ፣ ባለ መጋዘኑ ግሪክ፣ ይወስደዋል። ሙሽራ ግን እስከ ፀደይ ሊቆይ ይችላል። የሚወድ ሰው ይቆያል።

ፖርት ሳይድ፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 1936

ለእህቴ ለሴቫስቲ፣

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሳችሁ። ዘግይቼ እንደጻፍሁ አውቃለሁ፤ የገና ጀልባ እንዳለፈም አውቃለሁ።

ስምዖን ኒኪታስ ብቻውን እንደተሳፈረ ነግሮኛል። አዝኛለሁ። ግን በሰከነ ልብ አስቢው፤ ለአንድ ወረቀት ብሎ የሚሄድ ሰው ነገ ለአንድ ቃል ብሎ ይሄዳል። ከተመለሰ ያንቺ ነው፤ ካልተመለሰ ቀድሞም ያንቺ አልነበረም።

መያዣ ማለት መሸጥ አይደለም። ቤቱ በቦታው አለ፤ አንድ ድንጋይ አልጎደለበትም። እኔም ለራሴ ብቻ አይደለም የማደርገው፤ ሱቁ ሲያድግ ሁላችሁም ታድጋላችሁ። ስለ ብርቱካኑ አልመልስም። ባልሸጠው ሌላው ይሸጠው ነበር፤ መርከቡም መሄዱን አይተውም።

ባዶ ቤት ደግሞ ይፈርሳል። ፊናንሶቹ ማደሪያ ይፈልጋሉና እስከዚያው በኪራይ ሰጥቼአለሁ። ከኪራዩ ለእማማ ይደርሳታል። ሳህኖቹን ማውረድ ከፈለግሽ ሳይገቡ አውርጂ።

ወንድምሽ ሚናስ

ፖርት ሳይድ፣ ሜይ 8

ጣሊያኖች አዲስ አበባ ገቡ። ወደብ ላይ ያሉት መርከቦቻቸው ሁሉ ፊሽካ ነፉ። ገበያው ተለውጧል፤ ወደ ታች የሚሄደው ሲሚንቶና ሚስማር ነው፤ የሚመለሰው ቁስለኛ ነው፤ ቁስለኛ ብዙ አይበላም። የስንቅ ሹሙ ኮንትራቱን ዘጋ፣ ቤቱንም ከመያዣ ለቀቀ። ሰላም ተባብለን ተለያየን።

በሚቀጥለው ወር የአንድ ጥጥ ነጋዴ ልጅ ኡራኒያን አገባለሁ። የእህቴ ቤት ቆሟል፤ እህቱን ቤት ሳያስገባ አገባ የሚለኝ የለም። ይህንኑ በወረቀት ላጸናው።

ፖርት ሳይድ፣ ሜይ 30 ቀን 1936

ለአባ ያኮቮስና ለሊቫዲ ሕዝብ፣

እኔ ሚናስ ሃልቅያስ በገንዘቤ ያሠራሁት ቤት፣ ከነግቢውና ከነመስታወቱ፣ የእህቴ ነው። ቤቱ የሴቫስቲ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ኪራዩንም እሷ ትቀበል። የፊናንሶቹ የኪራይ ውል ገና ጊዜ አለው፤ በእሷ ስም ይቀጥላል።

ሚናስ ሃልቅያስ

ሊቫዲ፣ ኦገስት 20 ቀን 1936

ለተከበሩ ለአቶ ሚናስ ሃልቅያስ፣

እንኳን ለጋብቻዎ አደረስዎ። ከካፒቴን ስምዖን ነው የሰማነው። እማማ ሰምታ «ደስ ይበለው» አለች። ዛሬ አጠገቤ የለችም፤ የምጽፈውም አልነገርኋት።

በስምዖን በኩል ቃሌ ደርሷል ወይ ላሉት፣ ደርሷል። ተነበበ ወይ ላሉት፣ ላስረዳዎት።

አዲስ አበባ ተያዘ በተባለ ዕለት ፊናንሶቹ አባ ያኮቮስን ደወል አስደውል አሉት። ደወል የሚደወለው ለበዓልና ለሞት ነው፤ ዛሬ በዓል አይደለም፣ ሞቱን ደግሞ እናንተ አታምኑም አላቸው። ወሰዱት። እስር ቤት ስለሌላቸው ያሰሩት ቤታቸው ነው፤ ማለት ኒኪታስ በሠራው ክፍል ውስጥ፣ ዓሣ ከተሳለባቸው ሳህኖች ሥር። ሳህኖቹን አላወረድኋቸውም ነበር። ምግብ እኔ ነኝ ያመላለስሁለት፤ ፊናንሶቹ ከገቡ ወዲህ በዚያ ደጃፍ የገባሁት ያኔ ብቻ ነው። ሲፈቱት ጢሙ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ ነበር።

ቃልዎ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። በማርያም በዓል ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ቀረ። አባ ያኮቮስ ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ መጣ፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል በሹክሹክታ «ላንብበው ወይ ልጄ?» አለኝ። ቄሱን ያሰሩበት ቤት የእኔ እንደሆነ ቄሱ ራሱ ሊያውጅልኝ ነበር፤ እንቢ ካላልሁት ያነበው ነበር። እርስዎ ነጋዴ ነዎትና ይገባዎታል፤ ዕቃው ከተበላሸ በኋላ ነው የላኩልኝ።

«አባ፣ ይስጡኝ» አልሁት። ተቀብዬ በደረጃው ላይ ወጣሁ።

«ወንድሜ ጽፏል» አልሁ፤ «ድንጋዩን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሁላችሁም አይታችኋል። ግድግዳውን የሠራው ኒኪታስ ነው። ቤቱ ግን የሚናስ ነው።»

በሕዝብ ፊት ተብሏል። እንደሚያውቁት ከዚህ ወዲያ ንጉሥም አይመልሰው። ማንም አልሳቀም። ካሊዮፒ እንኳ አልሳቀችም። እትዬ ፎቲኒ ከተቀመጠችበት ጠጋ ብላ አጠገቧ ቦታ ሰጠችኝ። ኒኪታስ ፒሬየስ ማግባቱን የነገረችኝ እዚያው ተቀምጠን ነው። ስትነግረኝ አለቀሰች፤ እኔ ነኝ ያባበልኋት።

ኪራዩን ለእማማም አይላኩ፤ አትቀበልም። እኔ ካሊዮፒ ቤት ነኝ። ውሃ እቀዳለሁ፤ ፍየሏን አልባለሁ።

ስለ ቤቱ ደህንነት ጠይቀዋል። በማርች ዝናብ ጣሪያው ትንሽ አፍስሶባቸው ነበር። የእኛ ጣሪያ ጭቃ መሆኑን ያውቃሉ፤ ረስተውት እንደሆነ ላስታውስዎ። በየዓመቱ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ሰው ወጥቶ ከባድ ድንጋይ እያንከባለለ ካልዳመጠው ውሃው ወደ አግዳሚው ይዘልቃል፤ ሁለት ክረምት ካለፈበት ጣሪያው ይወርዳል። ፊናንሶቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ ይህን አያውቁም። ማዶ ለማዶ ሆነን እናያቸዋለን፣ ዝናቡም እየተቃረበ ነው፣ መንደሩ ውስጥ ግን የሚነግራቸው ሰው የለም።

ሴቫስቲ